ዊንጌት፦ ከታክሲ ፌርማታው ስም ጀርባ ያለው ሰውዬ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ዊንጌት የሚለውን ስም ያውቀዋል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ ሰምተነዋል፤ ወርደንበታል፤ ተቀጣጥረንበታል። እኔም ከፍኖተ ሰላም ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ስመጣ ዊንጌት የሰፈር ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የትምህርት ቤት ስም መሆኑን ሰማሁ። ሰውዬው የእንግሊዝ መኮንን እንደነበረ፣ ከዚያም አልፎ እኔ ባደግኩበት መንገድ ላይ፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ፣ ጣልያንን ሲያሳድድ እንደነበር ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ታሪኩን ሳነብ አንድ ጥያቄ ያዘኝና አለቀቀኝም። ሰውዬው ያደገው አክራሪ በሚባል የክርስትና እምነት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እምነትና ዘረኝነት በብዙ አገር እጅና ጓንት ነበሩ። እሱ ግን ኢትዮጵያውያን ከነጮች እኩል መታየት አለባቸው ብሎ ከአለቆቹ ጋር ተጣላ። እንዴት? ደግሞስ እኩል ያየው ሁሉንም ሰው ነው ወይስ እኛን ብቻ?

ሙሉ ስሙ ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ነው። በ1895 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ ናይኒ ታል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ እዚያው ሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ኮሎኔል ነበር። ቤተሰቡ የፕሊማውዝ ወንድማማቾች የሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር አባል ነው። እነዚህ ሰዎች የተሾመ ቄስ የላቸውም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል ይወስዳሉ፤ ከዓለም ራሳቸውን ይለያሉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ስለ ዓለም ፍጻሜና ስለ አይሁድ ወደ ምድራቸው መመለስ ያስተማረው ትምህርት ኋላ ላይ ለአሜሪካ አክራሪ አብያተ ክርስቲያናት ዋና ምሰሶ ሆኗል።

ቤት ውስጥ ሰባት ልጆች ነበሩ። ጸሎት፣ መጽሐፍ ቅዱስ በቃል መያዝ፣ እንደገና ጸሎት። ትምህርት ቤት ሲገባም አዳሪ አልነበረም፤ ውሎ ወደ ቤቱ ነው። ከልጆቹ ጋር ኳስ የለ፣ ጨዋታ የለ። እና ብቸኛ፣ እልኸኛ፣ ማንንም የማይፈራ ልጅ ሆኖ አደገ። ዉሊች የጦር አካዳሚ በገባ ጊዜ ነባሮቹ ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣ እርቃኑን በመሀላቸው እያስሮጡ ሊገርፉት ወሰኑ። እሱ አልሮጠም። አንድ በአንድ ፊታቸው እየቆመ ምታኝ እስኪ አላቸው። አንድም ሰው አልመታውም። ሲጨርስ ራሱ ሄዶ የተዘጋጀለት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገባ። ካደገ በኋላ ከማኅበሩ ቢርቅም መጽሐፍ ቅዱሱ ግን እስኪሞት ከእጁ አልወጣም።

ከ1920 እስከ 1925 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ አገለገለ። ሥራው በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የዝሆን ጥርስ አዳኞችንና የባሪያ ነጋዴዎችን ማሳደድ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያኔ ከእኛ ምዕራባዊ ቆላ ሰው እየታፈሰ ይሸጥ ነበር። ሻጩም ብዙ ጊዜ ክርስቲያን ነኝ የሚል የደጋ ሰው ነው። ዊንጌት እኛን መጀመሪያ ያወቀን እንደ ጀግና ሳይሆን በዚያ በኩል ነው።

ከዚያ በ1929 ዓ.ም. ወደ ፍልስጤም ተላከ። እዚያ ስለሆነው ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ጣልያን አገራችንን ስትወር ዘመቻውን የባረኩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ወረራውን መስቀልን ወደ ኢትዮጵያ እንደ መውሰድ አድርገው ሰብከዋል፤ ለዚያውም ከ1,600 ዓመት በፊት መስቀልን ወደ ተቀበለች አገር። በዚያው ዓመት ሐምሌ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ጣልያን ቆይታም ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ የዘር ሕግ አወጣች።

ሌላውም ዓለም ከዚህ አልተሻለም። የአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች ጥቁር የካም ዘር ስለሆነ ተረግሟል ብለው ከመድረክ ሲሰብኩ ኖረዋል። ኦሪት ዘፍጥረትን ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን እርግማኑ የወረደው በከነዓን ላይ እንጂ በኩሽ ላይ እንዳልሆነ ያያል። ቃል በቃል እናነባለን የሚሉት ሰዎች እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ቃሉን ዘለሉት።

ዊንጌት አልዘለለም። ለእሱ ኢትዮጵያ በመዝሙረ ዳዊት ስሟ የተጠራ፣ ጃንደረባዋ በሐዋርያት ሥራ የተጠመቀ አገር ናት። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ሲደርስ በዚያ የነበሩ ብዙ የእንግሊዝ ሹማምንት ስደተኛውን ንጉሠ ነገሥት እንደ ሸክም ያዩዋቸው ነበር። እሱ ግን ጃንሆይን አግኝቶ የኢትዮጵያ ነፃነት የጦርነቱ አንድ ዓላማ እንደሆነ ነገራቸው። ኅዳር 11 ቀን በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ ላይ አረፈ፤ ከግሽ ዓባይ ምንጭ አካባቢ ማለት ነው። እዚያም ከነሐሴ ጀምሮ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ይሠራ የነበረውን ኮሎኔል ሳንድፎርድን አገኘው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ነገር በጣም ይገርመኛል። እስከዚያ ድረስ የእንግሊዞች አሠራር ለአርበኛው ያረጀ ጠመንጃና የማሪያ ቴሬዛ ብር መስጠት ነበር። ዊንጌት ይህን ተቃወመ። ክርክሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ለሀገሩ ሊሞት የተነሳን ሰው በገንዘብ ከቀረብከው ቅጥረኛ አደረግከው፤ እሱም እንደ ቅጥረኛ ያስብሃል። ይልቅ ጥቂት በደንብ የሰለጠኑ ወታደሮች አምጥተህ አጠገቡ ተዋጋ፣ እመነው፣ እሱም ያምንሃል። በዚያ ዘመን አንድ የእንግሊዝ መኮንን ጥቁርን ስለ ማመን ሲያወራ ቀላል ነገር አይደለም።

ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻገሩ። ዊንጌት ጦሩን በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው ምድያምን ባሸነፈው ሰው ስም የጌዴዎን ጦር አለው። ሱዳናውያን፣ በስደት የሰለጠኑ ኢትዮጵያውያንና ጥቂት እንግሊዞች ተደምረው 2,000 አይሞሉም። ከፍልስጤም ያመጣቸው አይሁድ ሐኪሞችና ጸሐፊም አብረውት ነበሩ። በጎጃም የነበረው የጣልያን ጦር ከ30,000 በላይ እንደነበር ይገመታል።

በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ቡሬ ደረሱ። ዘዴው ጌዴዎናዊ ነበር። ትንንሽ ቡድኖች ሌሊት ሌሊት ከተለያየ አቅጣጫ ይተኩሳሉ፣ ይጠፋሉ፣ በሌላ በኩል እንደገና ይተኩሳሉ። በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች እንዲከዱ ይለፈፋል። በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ውስጥ ያለው ጦር ትልቅ ሠራዊት የከበበው መሰለው። የካቲት 25 ቀን ጣልያን ቡሬን ለቅቃ በማንኩሳ፣ በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም በኩል አድርጋ ወደ ደምበጫ ሸሸች።

ሽሽቱ ግን ባዶ መንገድ ላይ አልነበረም። ወደፊት ቀድሞ የነበረው የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ደምበጫ መንገድ ላይ ካለ አንድ ወንዝ ዳር ከዚያ ሁሉ ሸሺ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። በሺዎች የሚቆጠር እግረኛ በላያቸው አለፈ። ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። በየገጠሩም አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያንን እንቅልፍ የነሱት እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች ነበሩ። ዊንጌት የመጣው ቀድሞ በነደደ እሳት ላይ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስለወደቁት ልጆች ግን ረዳት ሲጣራ ሰምቼ አላውቅም።

መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ በዚያው ቀን በሌላ አቅጣጫ በመጣው የእንግሊዝ ጦር ተይዛ ነበር። እንግሊዞቹ ግን ንጉሡን አንድ ወር አስቆሙ፤ ከገቡ ጥቁሩ በነጮቹ ላይ ይነሳል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ዊንጌት ይህን አልወደደውም። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ እሱ በፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ሕዝቡ አበባና እልልታ እንጂ ደም አላመጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ኢትዮጵያን በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለማዋል የሚያስቡ ሹማምንት በነበሩበት ሰዓት ዊንጌት ካይሮ ተጠርቶ ማዕረጉ ወደ ሻለቃ ተመለሰ። ለወታደሮቹ የተነፈገውን ደመወዝና መሣሪያ፣ ኢትዮጵያውያን የታዩበትን ንቀት የሚያጋልጥ መራር ሪፖርት ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። ወባውም ጠናበት። ሰኔ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በሆቴል ክፍሉ ውስጥ አንገቱን በቢላ ቆረጠ። በጎረቤት ክፍል የነበረ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ደረሰለትና ተረፈ። በርማ ውስጥ ከጃፓን ጋር ሲዋጋ ጄኔራል ሆነ፤ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ገና የ41 ዓመት ሰው ነበር። አንድ ልጁ የተወለደው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብናገር ጥሩ የጀግና ታሪክ ይወጣው ነበር። ግን ፍልስጤምን ዘልያለሁ።

ፍልስጤም ውስጥ ዊንጌት አይሁድን በፍቅር ወደደ። ዕብራይስጥ ተማረ። በ1930 ዓ.ም. አይሁድና እንግሊዞች አብረው ያሉበት የሌሊት ጦር አቋቋመ። አይሁድ ዛሬም ስሙን የሚጠሩት ወዳጃችን ብለው ነው። ችግሩ ሌሊት ሌሊት የሚወረሩት መንደሮች ውስጥ የሚኖሩት አረቦች ናቸው። አንዱ ላጠፋው መንደሩ ሁሉ ይቀጣ ነበር። ገበሬዎች እንደተደበደቡ፣ እንደተዋረዱ፣ በምርመራ ላይ እንደተገደሉም አብረውት ያገለገሉ ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል። እንግዲህ አስቡት። ቡሬ ላይ ገበሬው እንዲታመን የተከራከረው ሰው፣ ገሊላ ላይ የሌላውን ገበሬ በር በሌሊት የሰበረው ሰው ነው። መጽሐፉም ያው ነው።

እኔ የገባኝ ይህ ነው። ዊንጌት እኛን እኩል ያየን ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ አልነበረም። በሚያነበው ታሪክ ውስጥ ቦታ ስለነበረን ነው። አይሁድም ቦታ ነበራቸው። የመንደሩ አረብ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የጌዴዎን ጠላት ሆኖ ቀረ። የካምን እርግማን ከሚሰብኩት ሰዎች በልቡ በብዙ ይሻላል፤ ሰውን በሚለይበት መንገድ ግን ከእነሱ ፈጽሞ አልራቀም። እነሱም እሱም መጽሐፉን ከፍተው ማን የተመረጠ፣ ማን የተጣለ እንደሆነ ይፈልጉ ነበር። ዕጣው ለእኛ ደግ ወጣልን። ለሌላው ክፉ ወጣበት።

ይህን የምጽፈው ፈረንጅ ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሸክላ የምትሠራ ሴት ነበረች። በእሷ ምጣድ ያልተጋገረ እንጀራ፣ በእሷ ጀበና ያልፈላ ቡና በሰፈሩ አልነበረም። እሷ ራሷ ግን ቡዳ ናት ትባላለች። እኛ ልጆች በደጇ ስናልፍ ፊታችንን እንድንሸፍን ይነገረን ነበር። ቤቷ ገብቶ የሚበላ የለም፤ ከቤቷ የሚያገባም የለም። ይህን የሚነግሩን ሰዎች ደግሞ ጾም የማይሽሩ፣ ኢትዮጵያ በመጽሐፍ ቅዱስ ስንት ጊዜ እንደተጠራች ቆጥረው የሚያውቁ ናቸው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ቡሬ ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሁለቱንም ጊዜ ሰፈራችን ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው።

ባለፈው ፍኖተ ሰላም ስሄድ ሴትዮዋ አርጅተው አገኘኋቸው። አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም ወይ ብለው ጠሩኝ። ገባሁና ቡና ጠጣሁ። አንድ መንደር ውስጥ አድገን፣ ዲግሪ ይዤ፣ ስለ ዘረኝነት ስንት ነገር ጽፌ፣ ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸውም ያውቁታል። ሦስተኛውን ስኒ ሳልጠጣ እንዳልሄድ ነገሩኝ።