ጊቺን ፉናኮሺ፦ መምህሩ የካራቴ አባት

ዛሬ በታላላቅ ሰዎች ታሪክ አምዳችን የጊቺን ፉናኮሺን ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ካራቴ የሚሠሩ ልጆች ስማቸውን ሰምተው ይሆናል። የመጀመሪያ ደረጃ መምህር እንደነበሩስ ታውቃላችሁ?

ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1868 ዛሬ የጃፓን ግዛት በሆነችው በኦኪናዋ ደሴት ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በጣም ደካማና በሽተኛ ስለነበሩ ያድጋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የክፍል ጓደኛቸው አባት ካራቴ ያውቁ ስለነበር እሳቸው ዘንድ መማር ጀመሩ። ያኔ ካራቴ የሚሰጠው በድብቅ ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው ይሄዱ ነበር። አንዱን እንቅስቃሴ ብቻ ለወራት ይደጋግሙታል። ያሰለቻል! ግን አላቋረጡም፣ ጤናቸውም ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

በ1888 መምህር ሆኑ። 30 ዓመት ያህል ቀን ልጆች እያስተማሩ ማታ ካራቴ ሠሩ። በ1922 ቶኪዮ በተዘጋጀ የስፖርት ትርዒት ላይ ካራቴን ሲያሳዩ ሰው ወደደው፣ እዚያው ሆነው እንዲያስተምሩም ለመኗቸው። ዕድሜያቸው 53 ነበር። ባለቤታቸውን ኦኪናዋ ትተው ቀሩ።

ታዲያ ካራቴ መጀመሪያ ላይ እንጀራ አልሆነላቸውም። ተማሪው ጥቂት ስለነበር በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ትንሽ ክፍል ይዘው ግቢ እየጠረጉ፣ አትክልት እየተንከባከቡ ኖሩ። መጥረጊያ የያዙት ሽማግሌ ትልቅ አሠልጣኝ ናቸው! እሳቸው ግን በሥራ አላፈሩም። በ1924 በካራቴ የመጀመሪያውን ጥቁር ቀበቶ ለተማሪዎቻቸው ሰጡ። በኋላም ሾቶካን የተባለ ማሠልጠኛ ተሠራላቸው። በ1945 በጦርነቱ የአውሮፕላን ድብደባ ወደመ፤ በዚያው ዓመት ልጃቸውም ሞተ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1957 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። አንዳንድ ልጆች ሁለት ሳምንት ቴኳንዶ ሠርተው መንገድ ላይ እርግጫ ይሞክራሉ። ወላጆችም ይህን አይተው ዱርዬ ያደርጋል ብለው ይከለክላሉ። ፉናኮሺ ግን ካራቴ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ መምታት እንደሌለበት፣ ስልጠናውም በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ እንደሚያልቅ ነበር የሚያስተምሩት። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሰውነት ይጠነክራል፣ ትንፋሽ ይጨምራል፣ ትዕግሥትም ይለመዳል። በሸዋሮቢት ሙቀት ቀትር ላይ ስለሚከብድ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሥራት ይሻላል፤ ውኃም አትርሱ።

ጓደኞቼ፣ ደካማ ነኝ የሚል ልጅ ካለ የፉናኮሺን ልጅነት ያስታውስ። ጉልበተኛ ነኝ የሚልም ትምህርታቸውን ይስማ።