ከመቅደላ እስከ ጎጀብ፦ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ

መግቢያ

ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ አካባቢ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር በጣሊያን ጦር ተከቦ እጁን ሰጠ። ከራስ እምሩ ጋር ይዋጋ የነበረው የጥቁር አንበሳ ማኅበርም የተደራጀ ትግሉ በዚያው አበቃ። ከማኅበሩ ጋር ከተሰለፉት ወጣቶች መካከል ቤንያምና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ወኪል የነበሩት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በመሆናቸው ይታወቃሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከሙያቸው ይልቅ በቤተሰባቸው ታሪክ ላይ ያተኩራል። የሚያስረዳውም የዚህ ቤተሰብ የዘር መስመር በአንድ ጦርነት እንዴት እንደተበጠሰ፣ በቤተ ዘመድ ምስክርነት እንዴት እንደተቀጠለና በሌላ ጦርነት ምን እንደደረሰበት ነው። የጸሐፊው ክርክርም የሐኪሙን ቤተሰብ ታሪክ በጽሑፍ ሰነድ ብቻ መከታተል ግማሹን ታሪክ ያስቀራል የሚል ነው።

ከመቅደላ ወደ ሕንድ

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በጄኔራል ናፒየር ጦር ስትያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ወርቅነህ በአምባው ላይ ከነበሩት ሰዎች ጋር የነበሩ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። በዚያ ሁከት ከወላጆቻቸው ተለዩ። ሕፃኑን አግኝቶ የወሰዳቸው ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነው። የናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ሲሆን ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ስለዚህ መኮንኑ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሕፃኑም የሕንድን መንገድ ተከተሉ።

ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የልጁን የትምህርት ወጪ ቻለ። ልጁ በእንግሊዝኛ የተጠሩበት ቻርልስ ማርቲን የተባለው ስም ከእነዚህ ሁለት አሳዳጊዎች የተገኘ ነው። በአገራችን ልማድ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ስለሆነ የትውልድ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። የወርቅነህ ሁለተኛ ስም ግን ከትውልድ ሐረጋቸው ይልቅ የአሳዳጊያቸውን ውለታ የሚመሰክር ሆነ። በሕንድና በብሪታንያ መዛግብት የተመዘገቡት በዚህ ስም ነው።

በሰሜን ሕንድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ሠለጠኑና በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አጠናከሩ። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። እዚህ ላይ ከመቅደላ የተወሰደውን ሌላ ልጅ ማስታወስ ተገቢ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በወጣትነቱ እዚያው ሞተ፤ መቃብሩም በዊንድሰር ነው። ሁለቱ ልጆች ከአንድ አምባ፣ በአንድ ዘመቻ ተወስደዋል፤ ወደ ዘመዶቹ የመመለስ ዕድል የገጠመው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የጠባሳው ምስክርነት

በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር መዋጋቷን የሚገልጸው ዜና በርማ ሲደርስ፣ ሐኪሙ አገራቸውን በሙያቸው ለማገልገል ተነሣሡ። ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላም አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ያክሙ ጀመር። አማርኛቸው ጠፍቶ ስለነበር ከሕሙማኑ ጋር የሚግባቡት በአስተርጓሚ ነበር። በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ የሚለው ወሬ እየተዛመተ ሄዶ ከዘመዶቻቸው ጆሮ ደረሰ።

የእናት የአባታቸውን ቤት ያገናኘው ምስክር የአያታቸው ትዝታ ነው። አያታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ልጁ በሕፃንነቱ በእጁና በእግሩ ላይ የነበረውን ጠባሳ ተናገሩ፤ ሲታይም እንደ ቃላቸው ሆኖ ተገኘ። ወርቅነህ የሚለው የልጅነት ስም፣ እሸቴ የሚለው የአባት ስምና የጎንደር ዘመዶቻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሱላቸው። ወላጆቻቸው ግን በሕይወት አልጠበቋቸውም።

ይህ ታሪክ በልብ ወለድ ውስጥ እንደሚነገር ገጠመኝ ስለሚመስል አንባቢ በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። ለቤተሰብ ታሪክ ጥናት ግን መሠረታዊ ነገር ያስረዳል። የሕንዱ መዝገብ ሐኪሙ የት እንደተማሩና የት እንደተሾሙ ይናገራል፤ የማን ልጅ እንደሆኑ ግን አይናገርም። ያንን ክፍተት የሞላው በአንዲት አሮጊት ትዝታና በአካል ላይ በቀረ ምልክት የቆመ የቃል ምስክርነት ነው። የጽሑፍ ማስረጃና የቃል ማስረጃ እዚህ ላይ አይፎካከሩም፤ አንዱ ሌላው የማያውቀውን ይናገራል።

በሁለት ስም የኖረ ቤት

ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ በኋላ በርማና ኢትዮጵያን እያፈራረቁ ኖሩ። በመጀመሪያው ቆይታቸው በኦጋዴን በኩል ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት አገልግለዋል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተመልሰው ሲመጡ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ነበሩ፤ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው ብዙ ልጆች አፈሩ። ከበርማው አገልግሎት በጡረታ ከተገለሉ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ኑሯቸውን ጠቅልለው በአዲስ አበባ አደረጉ።

የሚቀጥሉት ዓመታት በመንግሥት ሥራ የተሞሉ ናቸው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ፤ የፍልውሃን መታጠቢያ አሠሩ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ስለ ጣና ግድብ ተደራደሩ፤ በዚያው ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ቡና አብቃይ የሆነውን የጨርጨርን አውራጃ ከአሰበ ተፈሪ ሆነው አስተዳደሩ። ልጅነታቸውን ካሳጣቸው አገር የተማሩትን ለተወለዱባት አገር ማዋል የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

ቤተሰቡ ግን እስከ መጨረሻው ሁለት ስም ይዞ ኖረ። ቤንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ሲማሩ ማርቲን ተብለው ይጠሩ ነበር፤ በአገራቸው ግን የወርቅነህ ልጆች ናቸው። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ የእነዚህን ወጣቶች ትምህርት አግኝቶ ሞታቸውን፣ ወይም ሞታቸውን አግኝቶ ትምህርታቸውን ሊያጣ ይችላል።

ልጆቹና የጎጀብ መንገድ

ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጦርነቱ ሲጀመር ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። መሣሪያ ለመግዛት ይደክሙ፣ ለቁስለኞች እርዳታ ያሰባስቡ፣ በየአዳራሹ ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሲገቡ ከተቀበሏቸው ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ልጆቻቸው በአንጻሩ ወደ ጦር ሜዳው ገሰገሱ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር በነቀምት ሲመሠረት አብዛኞቹ አባላቱ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ሊቀ መንበሩም በእንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ የሲቪሉን አመራር ከወታደሩ በላይ የሚያደርግ፣ ገበሬ እንዳይበደልና ምርኮኛ እንዳይሰቃይ የሚያዝ ደንብ ነበረው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አቅራቢያ በቦናያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠለው ይኸው ኃይል ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዟቸው ወደ ቡናው አገር ሆነ። ራስ እምሩ በጎሬ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ስለነበር ማኅበሩ ከእሳቸው ጋር ተባበረ። ጣሊያኖች ወደ ጅማና ወደ ጎሬ ሲገፉ፣ የራስ እምሩ ሠራዊት በከፋ አቅጣጫ ለመውጣት ሞከረ፤ ነገር ግን በጎጀብ ላይ መውጫ አጣ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ብዙዎቹ ወጣቶች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተጀመረው ጭፍጨፋ የተማሩ ኢትዮጵያውያን እየተለቀሙ ተገደሉ። ቤንያምና ዮሴፍ ወርቅነህም ከተገደሉት መካከል ናቸው።

መደምደሚያ

ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፉ። ከመቅደላ እስከ ጎጀብ ያለው ጊዜ 69 ዓመት ገደማ ነው። በመጀመሪያው ጦርነት ልጅ ከወላጅ ተለየ፤ በሁለተኛው ወላጅ ልጆቹን አጣ። በሁለቱ መካከል አያት የልጅ ልጃቸውን በጠባሳ የለዩበት ቀን አለ።

ሐኪሙ የግል ማስታወሻቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ስለተዉ የአባትየው ታሪክ ለተመራማሪ ቀርቧል፤ ታሪክ ጸሐፊው ፒተር ጋሬትሰንም ሰፊ የሕይወት ታሪክ ጽፎላቸዋል። የልጆቹ ታሪክ ግን በለንደን ወይም በላሆር መዝገብ ብቻ የሚጠና አይደለም። ከጎሬ እስከ ሸቤና እስከ ቦንጋ ያሉት የቡና ከተሞች ያ ሠራዊት ያለፈባቸው፣ ስንቅ የለመነባቸውና የተበተነባቸው ናቸው። በጅማና በአካባቢዋ ለሚመራመሩ ተማሪዎች ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። በኦሮምኛ፣ በከፍኛና በአማርኛ የሚነገረውን የአዛውንት ትዝታ ከነስሙና ከነቦታው መመዝገብ፣ ከዚያም ወርቅነህና ማርቲን በሚሉት በሁለቱም ስሞች ከተጻፈው መዝገብ ጋር ማመሳከር ይገባል። የአባትየውን የዘር ሐረግ የመለሰው የአያት ቃል ነውና የልጆቹንም ፍለጋ ከአዛውንት ቃል መጀመር ዘዴውን ከራሱ ከቤተሰቡ ታሪክ መማር ነው። አዛውንቶቹ በየዓመቱ እየቀነሱ ስለሆነ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።