ያሬድ እና ሦስቱ ወፎች

ያሬድ ሲባል የእኛ ጉዳይ አይደለም ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። ስሙን የምታውቁት አዲስ አበባ ባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብቻም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ስለዚህ ሰው ጆሮ ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ።

ያሬድ የአክሱም ሰው ቢሆንም ነገሩ የሚገባችሁ ማለዳ መርጡለ ማርያም ብትገኙ ነው። በምሥራቅ ጎጃም እነብሴ ሳር ምድር፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም አለ። ጎህ ሲቀድ ከቅጥሩ ውስጥ ዜማ ትሰማላችሁ፣ ከላይ ደግሞ የወፍ ድምፅ። ጋጋኖ በመንጋ እየጮኸ ያልፋል። በዘሌዋውያን 11 ስሙን አንብባችሁት ይሆናል፤ የደጋው ጋጋኖ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ለአብዛኞቻችን ይህ ሁሉ ጫጫታ ነው። ለያሬድ ግን አልነበረም።

ያሬድ የኖረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። በልጅነቱ እናቱ ለዘመዷ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። ዳዊት መድገም አቃተው፣ ጓደኞቹ አለፉት፣ መምህሩ ገረፈው፤ እርሱም አንድ ቀን ጥሎ ጠፋ። ማይ ኪራህ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ወጣ ይተረካል። ያሬድም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን በአጭር ጊዜ አጠናቀቀ። (እኔ በበኩሌ ከወፎቹ ይልቅ ይህ ትል ልቤን ይነካዋል።)

ወፎቹ የመጡት ኋላ ነው። ስንክሳር እንደሚተርከው፣ ከኤደን ገነት ሦስት ወፎች ወደ እርሱ ተልከው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወስደውትም የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ። ተመልሶ በአክሱም ጽዮን ሲዘምር ንጉሡ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሥራቸውን ትተው አዳመጡት። ዜማውም ሦስት ነው፤ ቀጥ ያለው ግዕዝ፣ ለስለስ ያለው ዕዝል፣ ልብ የሚያራራው አራራይ። ሊቃውንቱ ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል።

ወገኖቼ፣ ይህን ትረካ እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት ተቀበሉ አልላችሁም። ነገር ግን እዚያው ስንክሳር ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ አሳብ አለ፤ የሰውም ሆነ የወፍ ወይም የእንስሳ ድምፅ ከእነዚህ ከሦስቱ ዜማዎች አይወጣም ይላል። ይህን ያለ ሰው ወፍ ሰምቶ ዝም ብሎ ያላለፈ ሰው ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ደጃችሁ ቆማችሁ ሞክሩት። በመጀመሪያ ቀን አንዱን ወፍ ብቻ ያዙ፤ ድምፁ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? ይደጋግመዋል ወይስ ይለዋውጠዋል? አደጋ ሲያይ የሚጮኸው አጭር ጥሪና ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚያዜመው ረጅም ዜማ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትለያላችሁ።

በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዊልያም ቶርፕ የተባለ ሊቅ፣ ታላላቆቹ ሲያዜሙ ሳይሰማ ብቻውን ያደገ ጫጩት ሲያድግ የወገኑን ዜማ በትክክል ማዜም እንደማይችል አሳየ። ጫጩቱ መጀመሪያ መስማት አለበት፤ ከዚያ ይንተባተባል፣ ያበላሻል፣ ያርማል። የድጓ ተማሪም ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ እንዲሁ ነው የሚማረው። የዜማው ምልክቶች እንኳ የተሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነው። አንድ ትውልድ መስማት ቢያቆም ኖሮ ነገሩ ያኔ ባበቃ ነበር።

ያሬድ በስሙ የሚጠራውን ድጓ በዓመቱ ወቅቶች፣ በክረምትና በበጋ፣ በጸደይና በመጸው አዘጋጀው። ቃሉን ብትመረምሩት ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከነቢያትና ከወንጌል የተቀዳ ብዙ ታገኛላችሁ።

አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ሲዘምር አጼ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ የተደገፈበትን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ አዘነ፤ ቃል ገብቶ ነበርና ግን ለቀቀው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ደቀ መዛሙርት እያስተማረ በዚያው ቀረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች።