የሙሴ ኢልግ ታሪክ፤ የእጅ ሥራ ሰውን አያዋርድም

አልፍሬድ ኢልግ በአውሮፓ፥ በስዊስ አገር፥ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ በ1854 ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ካደገም በኋላ በዙሪክ ከተማ ባለው ታላቅ ትምህርት ቤት የመሐንዲስነትን ጥበብ ተማረ።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ጥበብ ወደ አገራቸው እንዲገባ ይመኙ ስለ ነበር መሐንዲስ እንዲመጣላቸው ወደ ውጭ አገር ላኩ። ኢልግም ከአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ባሕርና በረሃ ተሻግሮ በ1879 አንኮበር ደረሰ። ሕዝቡም ሙሴ ኢልግ ብሎ ጠራው።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ እንዲሠራ ወይም ቤት እንዲያንጽ አልነበረም፤ ጫማ እንዲሰፋ ነበር ተብሎ ይነገራል። በዚያ ዘመን ቆዳ የሚፍቅ፥ ብረት የሚቀጠቅጥ፥ ሸክላ የሚሠራ ሰው በኢትዮጵያ ይናቅ ነበር። ሙሴ ኢልግ ግን በትምህርቱ ሳይኮራ ቆዳና ወስፌ ይዞ ተቀመጠ፤ ጫማውንም ሰፍቶ አቀረበ። ትንሹን ሥራ አሳምሮ ስለ ሠራ ትልቁ ተሰጠው። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በአዲስ አበባም ከተራራ ውኃ ስቦ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አገባ።

ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ግን የምድር ባቡር ነው። በፊት ነጋዴ ከሸዋ እስከ ባሕር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይሄድ ነበር። ሙሴ ኢልግ ስለ ባቡር ጥቅም ብዙ ዓመት መከረ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1894 ፈቃድ ሰጡት። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ከልዩ ልዩ ነገድ የተሰበሰቡ ሠራተኞች በዚያ በጋለ በረሃ ድንጋይ ፈለጡ፥ አፈር ቆፈሩ፥ ሐዲድም ተሸክመው ዘረጉ። ከእነርሱም መካከል በሥራው ላይ የሞቱ ነበሩ።

በመጀመሪያ ባቡሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራው ስለ ከለከለ መንገዱ ወደ ቆላ ወረደ፤ በ1902ም ድሬ ዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፤ በመንግሥታትም መካከል ክርክር ተነሣ፤ ሥራውም ቆመ። ሙሴ ኢልግ በ1906 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1908 ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱም ከጨርጨር ተራሮች በታች ባለው ሜዳ በሚኤሶ አልፎ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም ሁሉ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን በ1913 ዐርፈው ነበር፤ ሙሴ ኢልግም በ1916 በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሁለቱም አላዩም።

ሌሎች ግን የድካማቸውን ፍሬ በሉ። ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከአሰበ ተፈሪ የጨርጨር ቡና ወደ ሚኤሶ ወርዶ በባቡር ተጫነ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬ ዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርስ ነበር።

በአሜሪካ ግን ፑልማን የሚባል ባለጸጋ አልጋ ያለው ባቡር ስላሠራ መንገደኛው እንደ ተኛ ሌሊቱን ይጓዝ ነበር። አልጋውን የሚያነጥፉለት፥ ጫማውንም የሚጠርጉለት ከባርነት የወጡ ጥቁር ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። እንቅልፋቸው ጥቂት፥ ደመወዛቸውም ትንሽ ነበረ። በ1925 ማኅበር አቋቋሙ፤ 12 ዓመት ከታገሡ በኋላም በ1937 ኩባንያው ውል ገባላቸው፤ ደመወዛቸውም ተጨመረ። እንግዲህ በባቡር ተኝቶ የሚሄድ ሰው ስለ እርሱ የሚነቃ ሌላ ሰው እንዳለ አይርሳ።

ዐፄ ምኒልክም በ1908 የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ወስፌ ይዞ የተቀመጠውን መሐንዲስ ያዩ ንጉሥ የእጅ ሥራን ክብር ያውቁ ነበርና።

የሙሴ ኢልግ ዘመን ባቡር ዛሬ አልፏል። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተመረቀ፤ እርሱም በሚኤሶ ያልፋል። ጫማ መስፋትን ያልናቀ ሰው የጀመረው መንገድ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ስለዚህ ማንም የእጅ ሥራን አይናቅ፤ ሰውን የሚያዋርደው ስንፍና ነው እንጂ ሥራ አይደለም።