ሜጀር ቴይለር፤ ዓለምን ቀድሞ በድህነት የሞተው ጥቁር ብስክሌተኛ

ዛሬ በእግር ኳስ ሜዳ ጥቁር ተጫዋች በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ዳኛው ጨዋታውን የማቆም ሥልጣን አለው፤ ክለቡም ይቀጣል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። የዚያን ዘመን ግፍ በእግሩ ፍጥነት ብቻ የመለሰ አንድ ሰው ነበር። ማርሻል ዋልተር ቴይለር ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ሜጀር ቴይለር በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴይለር በ1878 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። አባቱ የአንድ ሀብታም ነጭ ቤተሰብ የጋሪ ነጂ ነበር። ልጁ የመጀመሪያ ብስክሌቱን ያገኘው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ትንሽ ቆይቶ በአንድ የብስክሌት ሱቅ ተቀጠረና የወታደር ልብስ ለብሶ ደጃፉ ላይ በብስክሌት ትርኢት ያሳይ ጀመር። ሻለቃ ማለት የሆነው ሜጀር የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው።

ፕሮፌሽናል የሆነው በዲሴምበር 1896፣ የአድዋ ድል በተበሰረበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት ነው። ገና 18 ዓመቱ ነበር። ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በተካሄደው የስድስት ቀን ውድድር ከ2 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ 8ኛ ወጣ። የዓባይን በረሃ እየወረዱ እየወጡ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢኬድ እንኳ ይህን ያህል አይሞላም! የሚገርመው ደግሞ ልጁ የረጅም ርቀት ሰው አለመሆኑ ነው። የእሱ ችሎታ ስፕሪንት፣ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ተስፈንጥሮ መውጣት ነበር።

ነጮቹ ተወዳዳሪዎች ይህን ሲያዩ ተባበሩበት። ሁለት ተከላካይ አጥቂን መሀል አስገብቶ እንደሚዘጋው ግራና ቀኙን ይዘው መውጫ ያሳጡት ነበር። የአሜሪካ ብስክሌተኞች ሊግም ገና በ1894 ጥቁር አባል እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የደቡብ ከተሞች አዘጋጆች ደግሞ አናወዳድርም ስላሉት ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የሚያስፈልገው ነጥብ አመለጠው። በ1897 ታውንተን ከተማ ውስጥ ውድድሩ እንዳለቀ ቤከር የተባለ ነጭ ተወዳዳሪ ከብስክሌቱ አውርዶ ራሱን እስኪስት አነቀው። የቤከር ቅጣት? 50 ዶላር!

ቴይለር ግን አልተበገረም። በ1899 ሞንትሪያል ላይ በአንድ ማይል ስፕሪንት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከቦክሰኛው ጆርጅ ዲክሰን ቀጥሎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሁለተኛው ጥቁር ስፖርተኛ እሱ ነው። በ1900 የአሜሪካ ሻምፒዮናንም ወሰደ።

አውሮፓ ብዙ ገንዘብ ይዞ ቢጠራውም እሱ አጥባቂ ክርስቲያን ስለነበር እሁድ አልወዳደርም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ የተሸነፉት አዘጋጆቹ ናቸው። በሜይ 1901 ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዊው የዓለም ሻምፒዮን ኤድሞን ዣክሊን ጋር የተገናኘው በሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያውን ዣክሊን አሸነፈና ጣቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ አሾፈበት። ከ11 ቀን በኋላ በተደረገው የመልስ ግጥሚያ ግን ቴይለር ድባቅ መታው። ከዚያም አውስትራሊያ ድረስ ዘልቋል፤ እዚያ የተወለደችለትን ልጁንም በከተማዋ ስም ሲድኒ ብሏታል።

በ1910 ብስክሌት አቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። የጀመራቸው ንግዶች ከሰሩ፣ ቤቱን ሸጠ፣ ትዳሩም ፈረሰ። በ1928 የሕይወት ታሪኩን ራሱ አሳትሞ ቺካጎ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር። በጁን 1932 በ53 ዓመቱ በድሆች ሆስፒታል ክፍል አረፈ። አስከሬኑን የሚረከብ ሰው ስላልተገኘም ስም የለሽ መቃብር ውስጥ ተቀበረ።

የኋላ ኋላ ያስታወሱት እነዚያው ብስክሌተኞች ናቸው። በ1948 የቀድሞ ፕሮፌሽናሎች የብስክሌት አምራቹን ፍራንክ ሽዊንን ገንዘብ አስወጥተው አጽሙን አንስተው በክብር አሳረፉት። በ1982 የትውልድ ከተማው ቬሎድሮም በስሙ ተጠራ፤ በ2008 ደግሞ በኖረባት ዉስተር ሐውልት ቆመለት። በሕይወት ሳለ መውጫ መንገድ የዘጉበት ሰው ዛሬ ስሙ በመሮጫው በር ላይ ተጽፏል።