ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና የወኅኒ ቤቱ ልጆች

በወጣትነት ዕድሜው የበደለ ልጅ ወደ ወኅኒ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው? ታርሞ እንዲመለስ ነው ወይስ የእርሱን መከራ አይቶ ሌላው እንዲፈራ? ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ ከሰጡት አንዱ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ነው። በዚህ እትማችን ከታሪኩ ይህን ገጽ ልናስታውስ ወደድን። (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሐንስ በ1815 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ፣ ቤኪ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ማርጋሪታ ናት። በ1841 ማዕረገ ክህነትን ተቀብሎ በቶሪኖ ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። በዚያም መምህሩ ቅዱስ ዮሴፍ ካፋሶ ወደ ከተማይቱ ወኅኒ ቤቶች ይዞት ገባ። ካፋሶ እስረኞችን የሚጎበኝ፣ ሞት የተፈረደባቸውንም እስከ መሰቀያው ድረስ የሚሸኝ ካህን ነበር።

ወጣቱ ካህን በዚያ ያየው ነገር ልቡን ሰበረው። ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው፣ ጤናማና ንቁ ልጆች ሥራ ፈትተው፣ ተባይ እየበላቸው፣ የሥጋም የነፍስም ምግብ አጥተው ተቀምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን ብዙዎቹ መልካም ሕይወት ለመጀመር ቆርጠው ከወጡ በኋላ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው መግባታቸው ነው። ፍርሃት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ የእስርን መከራ በአካላቸው የቀመሱት እነዚህ ልጆች ከማንም በፊት በተመለሱ ነበር። ምክንያቱን ሲመረምር ያገኘው አንድ ነገር ነው፤ ከደጅ የሚቀበላቸው ሰው አልነበራቸውም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር 8 ቀን፣ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ቅዳሴ ማገልገል አላውቅም በማለቱ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ መትቶ አባረረው። ዮሐንስ ልጁን አስጠርቶ ወዳጁ አደረገው፤ ያን ዕለትም ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ጀመረ። ጸሎት፣ ትምህርትና ጨዋታ የተጣመሩበት ኦራቶሪዮ የተባለው ማኅበር ከዚህ በቀለ፤ በ1846ም በቫልዶኮ ሰፈር መጠለያ አገኘ። እናቱም መንደሯን ትታ መጥታ ለልጆቹ እናት ሆነች።

ዮሐንስ በምክር ብቻ አልተወሰነም። ለልጆቹ ከአሠሪዎች ጋር በጽሑፍ ይዋዋል ነበር፤ በ1852 በተፈረመው አንድ ውል አሠሪው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳይቀጣ፣ በበዓላት ቀንም እንዲያሳርፈው ታስሯል። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎም የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የእንጨትና የኅትመት ሥራ ማሠልጠኛዎችን ከፈተ።

በ1855 ላ ጄኔራላ ከተባለው የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ 300 ያህል ልጆችን ያለ ዘብ ለአንድ ቀን ሽርሽር ይዞ እንደ ወጣና አንድ እንኳ ሳይጎድል እንደ መለሳቸው በሳሌዢያን ማኅበር ዘንድ ይተረካል።

በ1877 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሁለት የአስተዳደግ መንገዶችን አነጻጸረ፤ አንዱ ጥፋትን ጠብቆ የሚቀጣ፣ ሁለተኛው በማስተዋል፣ በሃይማኖትና በፍቅር ጥፋትን ቀድሞ የሚከለክል። የመጀመሪያው ቀላልና ድካሙ ያነሰ፣ ለወታደሮችና ለበሰሉ ሰዎችም የሚጠቅም መሆኑን አልካደም። ሁለተኛው አሳዳጊውን እጅግ እንደሚያደክም ያውቅ ነበር፤ ሌሎችን የሚያበላሽ ልጅ ከቤቱ ያሰናበተበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ቅጣት ሥርዓት አልባነትን ቢያስቆም እንኳ በደለኛውን የተሻለ ሰው እንደማያደርግ አጥብቆ ያምን ነበር።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 ዐረፈ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1934 በትንሣኤ በዓል ቅድስናውን አወጁ። ልጆቹ ሳሌዢያውያን በ1975 ወደ መቐለ መጥተው በአገራችን ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ።

የተበደለ ሰው ፍትሕ ይገባዋል፤ ኅብረተሰብም ራሱን መጠበቅ አለበት። ይህን አንክድም። ነገር ግን በቋንቋችን ወኅኒ ቤቱን ማረሚያ ቤት ብለን ሰይመነዋል። ገበሬ ሲያርም አረሙን ይነቅላል እንጂ ሰብሉን አይነቅልም፤ ከነቀለም በኋላ እርሻውን ትቶ አይሄድም። እስረኛን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችን ተምረናል። በየቁምስናችን ከእስር የሚፈታውን ልጅ በሩ ላይ የሚጠብቀው፣ ሥራም የሚፈልግለት ማን ነው? ቅዱሱ ለእኛ የተወልን ጥያቄ ይህ ነው።