ውሃን ያከመው ሐኪም ጆን ሊል (1858–1914)

የእሳት አደጋ መኪና ጥሪ እስኪደርሰው ድረስ ብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ተሸክሞ ይቆማል። ውሃው በቆመ ቁጥር ክሎሪኑ ይደክማል፤ በጋኑም ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥ ልጋግ ይይዝና ጥቃቅን ተሐዋስያን ይራቡበታል። በአማኑኤል ቤቶች በበርሜልና በጀሪካን የሚጠራቀመው ውሃም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ለዚህ ችግር ዛሬ የምንጠቀምበትን መድኃኒት ለዓለም ካስለመዱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሊል ነው።

ሊል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 በኒው ዮርክ ግዛት፣ አንዲስ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘምቶ ሳለ የተቅማጥ በሽታ ያዘውና ለብዙ ዓመታት ሲሠቃይ ኖሮ በ1882 ሞተ። ልጁ በፕሪንስተንና በኮሎምቢያ ተምሮ ሐኪም ሆነ። በፓተርሰን ከተማ የጤና ሹም በነበረበት ጊዜ ተላላፊ በሽታ የገባበትን ቤት ክሎሪን ባለበት ነጭ ዱቄት ያስጸዳ ስለ ነበረ የዱቄቱን ኃይል አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

በ1899 ሹመቱን ትቶ ወደ ውሃ ኩባንያ ሥራ ገባ። ለጀርሲ ሲቲ ከተማ ውሃ የሚያጠራቅመው የቡንተን ግድብ በ1904 አገልግሎት ጀመረ፤ ከተማው ግን ውሃው ዘወትር ንጹሕ አይደለም ሲል ኩባንያውን ከሰሰ። በ1908 ዳኛው ኩባንያው የፍሳሽ ቦይ እንዲሠራ ወይም ሌላ ዘዴ እንዲያቀርብ ፈረደ። ሊልም ጆርጅ ፉለር ከተባለው መሐንዲስ ጋር ሆኖ የክሎሪን መጨመሪያውን በ99 ቀን አስጨርሶ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ሥራ አስጀመረ። በቀን 150 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ሲያልፍ፣ ለአንዱ ሊትር የሚደርሰው ክሎሪን የአንድ ሚሊግራም አምስተኛ እጅ ገደማ ብቻ ነበረ።

ሊል ይህን ሲያደርግ ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ስለዚህ በችሎት ፊት ብርቱ ክርክር ገጠመው። እሱ ግን ውሃውን ራሱ እንደሚጠጣውና ለቤተሰቡም ለመስጠት እንደማያመነታ በመሐላ መሰከረ። በ1910 ዘዴው ተቀባይነት አገኘ፤ ብዙ ከተሞችም ተከተሉት፤ የታይፎይድ ሞት እያነሰ ሄደ። ሕዝብን ሳያማክሩ በውሃው ውስጥ መድኃኒት መጨመር ዛሬም ቢሆን ያነጋግራል፤ ሆኖም ሊል የሠራውን አልካደም፤ ልኩንና ውጤቱን በአደባባይ አስመርምሯል።

ሊል በ1914 ሞተ። ሥራውን የሚዘክር ድንጋይ በመቃብሩ የቆመለት ግን በ2013 ነው።

ከሕይወቱ የምንማረው ልክን ማወቅና መትጋትን ነው። የእሳት አደጋ መኪና በችግር ቀን የመጠጥ ውሃ አመላልስ ቢባል፣ ክሎሪን ጨምሮ መሄድ ብቻ አይበቃውም። ክሎሪን ጉልበቱን በቆሻሻ ላይ ይጨርሳልና አስቀድሞ ጋኑ ይፈተግ፤ ከተጨመረ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ ከዚያ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም መቅረቱ ይለካ። ይህም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ ውሃ በቆመ ቁጥር ጠባቂ ይሻል።